አጥንቱ ከመፈጨቱ በፊት ደንቡን አሳዩን፦ ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን
አዲስ አበባ

ጤና ይስጥልኝ ክቡራን፣

የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ከአገራችን ጥንታዊ አጽሞች ለዲኤንኤ ምርመራ ናሙና የሚወሰደው በምን ደንብ ነው? ደንቡ ካለ አውጡትና እናንብበው። ከሌለ ይጻፍ። እኔ የባዮሎጂ መምህር ነኝ እንጂ የጥንተ ሰው ተመራማሪ አይደለሁም። ጉዳዩ ግን የባለሙያ ብቻ አይመስለኝም።

ሉሲ እ.ኤ.አ. በ2007 ወደ አሜሪካ ስትሄድ አገር ተከራክሯል። ትሂድ፣ አትሂድ፣ ብትሰበርስ ተባለ። በ2013 እንደሄደች ተመለሰች። በትንሽ ብልቃጥ ስለሚሄድ የአጥንት ዱቄት ግን እንዲህ ያለ ክርክር ሰምቼ አላውቅም። ዱቄት ደግሞ እንደሄደ አይመለስም።

ድሮ አጥንት ይለካል፣ ይሣላል፣ ቅጂ ይሠራለታል፤ ራሱ ግን እንዳለ ይቀመጣል። የዲኤንኤ ጥናት ከዚህ ይለያል። አጥንቱ ይቦረቦራል ወይም ይፈጫል። አብዛኛውን ጊዜ የሚፈለገው ውስጠኛውን ጆሮ የሚሸፍነው ጠንካራ አጥንት ነው። ሙቀት ዲኤንኤን ቶሎ ያጠፋል፤ በሞቃት አገር የተሻለ ተስፋ ያለው እዚያ ነው። አንድ ሰው ያለው ሁለት ብቻ ነው፣ ቀኝና ግራ።

ጥናቱን እየተቃወምኩ አይደለም። በጋሞ ደጋ፣ በሞታ ዋሻ እ.ኤ.አ. በ2012 የተገኘውን ሰው እናንተ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ድንጋይ ተከምሮበት የተቀበረ፣ 4,500 ዓመት ገደማ የሆነው ሰው ነው። «ባይራ» ተባለ። በ2015 ከዚሁ የጆሮ አጥንት ሙሉ ዘረመሉ ተነበበ። ጥንታዊ የአፍሪካ ሰው ሙሉ ዘረመል ሲነበብ ያ የመጀመሪያው ነበር። ባይራ የኖረው ከዛሬ 3,000 ዓመት ገደማ በፊት ከእስያ በኩል ብዙ ሰው ወደ አፍሪካ ቀንድ ተመልሶ ከመግባቱ አስቀድሞ ነው። ስለዚህ የእሱን ዘረመል ከዛሬ ሰዎች ጋር በማነጻጸር የተመላሾቹ ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ መለየት ተቻለ። የሰው ፍልሰት ወደ ውጭ ብቻ ያለ መንገድ እንዳልነበረ ተማሪዎቼን የማስረዳው በእሱ ነው።

የባይራ ታሪክ ሌላም ትምህርት አለው። የመጀመሪያው ጽሑፍ የተመላሾቹ ዘር በመላው አፍሪካ ተዳርሷል ብሎ ነበር። ስህተት ነበር። በኮምፒውተር ሥራው ላይ አንድ እርምጃ ተዘሏል። ሌሎች ተመራማሪዎች መረጃውን መልሰው ሲያዩት ነገሩ ታወቀ፤ አዘጋጆቹም በ2016 መጀመሪያ ራሳቸው አረሙት። የሚያሳፍር ነገር የለውም፣ ሳይንስ እንዲህ ነው። ግን መረጃው በአንድ ሰው ኮምፒውተር ተቆልፎ ቢሆን ኖሮ እስከ ዛሬ ስህተቱን ስናስተምር እንኖር ነበር።

በአገራችን የተገኙት እጅግ ጥንታዊ የሰው አጥንቶች፣ ኦሞ ኪቢሽና ሄርቶ፣ ሌላ ነገር ናቸው። እንዲህ ካረጁ አጥንቶች በዛሬው ዘዴ ዲኤንኤ አይጠበቅም። ሥራውን የሚሠሩት ቅርጻቸውና ዕድሜያቸው ናቸው። በ1967 የተገኘው የኦሞ ሰው በ2005 195 ሺህ ዓመት ተባለ፤ በ2022 በእሳተ ገሞራ አመድ ሲመዘን ደግሞ ቢያንስ 230 ሺህ ገደማ ሆነ። ሄርቶ 160 ሺህ ነው። ከእነዚህ ጎን በእስራኤል ሚስሊያ ዋሻ የተገኘውን መንጋጋ፣ 180 ሺህ ገደማ፣ አስቀምጡ። ከሳዑዲ በረሃ የወጣችውን 85 ሺህ ዓመት ገደማ የሆናት የጣት አጥንት ጨምሩ። ከዚያ 45 ሺህ ዓመት የሆነው የሳይቤሪያ የጭን አጥንት አለ። ሰው ከአፍሪካ የወጣበት መንገድ በየአጥንቱ ይታያል፤ ቀጥ ያለ ግን አይደለም። ቀድመው የወጡት በዛሬው ሕዝብ ላይ የተዉት አሻራ ጥቂት ነው። አዲስ ዘዴ በመጣ ቁጥር ግን ሁሉም መነሻውን ለማየት የእናንተን በር ያንኳኳል።

የአሜሪካው የኬነዊክ ሰው ነገር ደግሞ ይታሰብ። በ1996 በኮሎምቢያ ወንዝ ዳር የተገኘ፣ 8,500 ዓመት ገደማ የሆነው አጽም ነው። የአካባቢው ነባር ሕዝቦች «አያታችን ነው፣ እንቅበረው» አሉ። አንዳንድ ሳይንቲስቶች የራስ ቅሉን ለክተው እነሱን አይመስልም አሉ። ፍርድ ቤት ለሳይንቲስቶቹ ፈረደ። በ2015 ዲኤንኤው ሲነበብ ግን ከዛሬዎቹ ነባር ሕዝቦች ጋር ዝምድና እንዳለው ተረጋገጠ፤ በ2017 ተቀበረ። ሃያ ዓመት በክስና በኩርፊያ አለፈ። የሚቆጨኝ ባለዝምድናዎቹ ከመጀመሪያው እንደ ከሳሽና ተከሳሽ መታየታቸው ነው።

ስለዚህ ደንቡ ሲጻፍ ከሁሉ በፊት ይህ ይግባበት። አጽም የወጣበት መንደር ሰው ምን እንደሚሠራ በራሱ ቋንቋ ቀድሞ ይነገረው። ውጤቱም ይመለስለት። በእንግሊዝኛ መጽሔት ወጣ ማለት ተነገረው ማለት አይደለም። ሌላው፣ ማንም ከመቦርቦሩ በፊት አጥንቱ በሲቲ ስካን ይነሣ። የውስጠኛው ጆሮ ቅርጽ ራሱ መረጃ ነው፤ ከተፈጨ በኋላ አይገኝም። የብራዚል ብሔራዊ ሙዚየም በ2018 ሲቃጠል ሉዚያ የተባለችው ከ11 ሺህ ዓመት በላይ የሆናት የራስ ቅልም እሳት ውስጥ ነበረች። ስብርባሪዋ ከአመድ ተለቀመ። ለእኛም ስካኑ ለምርመራ ብቻ ሳይሆን ለክፉ ቀንም ነው።

የቀረው አጭር ነው። ከቀኝና ከግራ የጆሮ አጥንት አንደኛው ከተወሰደ ሌላው አይነካ። የተረፈው ዱቄት በመዝገብ ይመለስ። መረጃው ለሁሉም ይከፈት። በላቦራቶሪው ውስጥም አንድ የእኛ ወጣት እጁን ያስገባ፤ ፎቶ ለመነሣት ሳይሆን ሥራውን ለመልመድ።

የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209/1992 (ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር ነው) ሲወጣ የጥንት ዲኤንኤ ጥናት ገና ዳዴ ይል ነበር። አዋጁ ይህን ሁሉ ቀድሞ ሊያስብ አይችልም ነበር፤ መመሪያ ግን ሊሞላው ይችላል።

መልሱን ለእኔ በግል መላክ አያስፈልግም። ደንቡ ካለ በድረ ገጻችሁ ይለጠፍ። ከሌለ ማን እንደሚያረቅቀውና ሕዝቡ አስተያየት የሚሰጥበት ቀን መቼ እንደሆነ ይነገረን።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የባዮሎጂ መምህር