ለቤት ውስጥ ረዳት ሮቦታችን ለደከማችሁ ሁሉ የቀረበ ምስጋና

አረጋውያንንና አካል ጉዳተኞችን በቤታቸው እንዲያግዝ የነደፍነው ሮቦት በማንም ላይ አንዳች ጉዳት ሳያደርስ የሙከራ ጊዜውን አጠናቋል። ሮቦቱን ያየ ሰው አድናቆቱን የሚቸረው ብዙውን ጊዜ ለድምፁና ለክንዱ እንቅስቃሴ ስለሆነ፣ ከሽፋኑ ሥር ያለውን ሥራ የሠራችሁትን ባለሙያዎች በየሙያችሁ እየጠራሁ በይፋ ማመስገን የቡድኑ አስተባባሪ እንደመሆኔ ግዴታዬም ደስታዬም ነው።

በመጀመሪያ የሜካኒካል ንድፍ ባለሙያዎቻችንን አመሰግናለሁ። ከባዱን ባትሪ በመንኮራኩሮቹ መካከል ዝቅ አድርጋችሁ በማስቀመጣችሁ ሮቦቱ ክንዱን ዘርግቶ ዕቃ ሲያነሣ ሚዛኑን አይስትም። ክንዱ ይበልጥ ጉልበት እንዲኖረው ከየአቅጣጫው ጥያቄ ሲቀርብላችሁም ቀላልና ሰው ሲነካው የሚለዝብ መሆን እንዳለበት በጽናት ተሟግታችኋል። እ.ኤ.አ. በ1961 በጄኔራል ሞተርስ የመኪና ፋብሪካ ሥራ የጀመረው ዩኒሜት የተባለው የኢንዱስትሪ ሮቦት ትኩስ የብረት ክፍሎችን የሚያነሣ ብርቱ ክንድ ነበረው፤ የቤት ሮቦት ግን ውሎው ከሰው ጎን ስለሆነ በጉልበቱ ብቻ ሊመዘን አይገባም።

የኤሌክትሮኒክስና የቁጥጥር ባለሙያዎቻችን ያለባችሁ ሸክም ከሁሉም የከበደ ነበር ብዬ አምናለሁ። አንድ ብርጭቆ ውሃ ለሰው ማቀበል ለተመልካች ቀላል ይመስላል። ሆኖም እርጥብ ብርጭቆ ያንሸራትታል፤ ሮቦቱ ፈጥኖ ቢለቀው ይወድቃል፤ ዘግይቶ ቢለቀው ደግሞ ተቀባዩ ከማሽኑ ጋር መጓተት ይጀምራል። የተቀባዩ እጅ የሚንቀጠቀጥ ሲሆን ነገሩ ይብስ ይወሳሰባል፤ ምክንያቱም ሮቦቱ እያንዳንዱን ንቅናቄ «ልቀቅ» እንደተባለ አድርጎ ሊወስደው ይችላል። የፓርኪንሰን ሕመም የሚያስከትለው መንቀጥቀጥ በአብዛኛው በሰከንድ ከ4 እስከ 6 ጊዜ እንደሚመላለስ ተመልክታችሁ፣ ይህን ፈጣን ምልልስ አጥርቶ የሚያስቀርና ብርጭቆውን በእርጋታ የሚስበውን የእጅ ኃይል ብቻ የሚከተል መቆጣጠሪያ ሠራችሁ። አሁን በእጅ አንጓው ላይ ያለው የኃይል ሴንሰር የብርጭቆው ክብደት ወደ ተቀባዩ መሸጋገሩን ሲለካ ጣቶቹ በዚያው መጠን ቀስ እያሉ ይላላሉ። በእኔ እይታ ከጠቅላላው ሥራችን እጅግ የረቀቀው ይህ ነው።

የአሰሳና የሶፍትዌር ባለሙያዎቻችንም ምስጋናዬ ይድረሳችሁ። ሮቦቱ ርቀት የሚለካበት የሌዘር ጨረር የመስታወት በርን አልፎ ስለሚሄድ ሮቦቱ በሩን ክፍት መንገድ አድርጎ ሊያየው ይችላል፤ ወለሉን የሚቃኘው የኢንፍራሬድ ሴንሰርም ጥቁር ምንጣፍን ከደረጃ ጫፍ ጋር ሊያምታታ ይችላል። በድምፅ ሞገድ ርቀት የሚለካ የአልትራሳውንድ ሴንሰርና ካሜራ ጨምራችሁ የሁሉንም ልኬት በማመሳከር ችግሩን ፈትታችኋል። በዚህ አጋጣሚ መሠረቱን የጣሉልንን ቀደምት ሊቃውንትም ማንሣት ተገቢ ነው። ሩዶልፍ ካልማን እ.ኤ.አ. በ1960 ያሳተሙት የግምት ስሌትና ፒተር ሃርት፣ ኒልስ ኒልሰን እና በርትራም ራፋኤል በ1968 ያቀረቡት ኤ-ስታር የተባለው መንገድ የመፈለጊያ ዘዴ ሮቦታችን ያለበትን ቦታ በሚገምትበትና መንገዱን በሚመርጥበት ጊዜ ሁሉ ሥራ ላይ ናቸው። አርኦኤስ የተሰኘውን የሮቦት ሶፍትዌር ማዕቀፍ በነጻ ለዓለም ላካፈሉና እስከ ዛሬም ለሚያበለጽጉት ፕሮግራመሮች ያለብን ውለታም ከባድ ነው።

የደህንነት ባለሙያዎቻችን እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣውን አይኤስኦ 13482 የተባለውን ዓለም አቀፍ የግል እንክብካቤ ሮቦቶች መስፈርት በየአንቀጹ እየመረመራችሁ ንድፉን ደጋግማችሁ መልሳችሁብናል። የአደጋ ጊዜ ማቆሚያው በሶፍትዌሩ ላይ ሳይመረኮዝ በራሱ መስመር የኤሌክትሪክ ኃይል እንዲያቋርጥ፣ ኃይል ሲቋረጥም ክንዱ ሰው ላይ እንዳይወድቅ ፍሬኑ ወዲያው እንዲይዝ ያደረጋችሁት እናንተ ናችሁ። ለዚህ ጥንቃቄያችሁ ባርኔጣችንን ሳይሆን ልባችንን እንሰጣለን ብል አላጋነንኩም።

በመጨረሻም ሮቦቱን በቤታችሁ ተቀብላችሁ ለሞከራችሁልን አባቶችና እናቶች፣ እንዲሁም ለአስታማሚ ቤተሰቦቻችሁ ልዩ ምስጋና አቀርባለሁ። ሮቦቱ ከኋላ በኩል ድምፅ ሳያሰማ ሲመጣ እንደሚያስደነግጣችሁ ስለነገራችሁን ከመቅረቡ በፊት በድምፅ እንዲያሳውቅ ተደርጓል። መኝታ ቤት ሲሆን ካሜራው በግልጽ በሚታይ ክዳን እንዲሸፈን የጠየቃችሁት ጥያቄም ተገቢ ሆኖ በመገኘቱ በቀጣዩ ንድፍ ውስጥ ገብቷል። አዲሱ ክንድ ተሠርቶ ሲያልቅ አስቀድመን የምናሳየው ለእናንተ ነው፤ እስከዚያው ጤናና ዕድሜ ይስጥልን።

የፕሮጀክቱ አስተባባሪ