ስለ ሰውነታቸው ለልጆቻችን ማን ይንገራቸው?

ይድረስ ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ ሳስተምር በቆየሁባቸው ዓመታት፣ ስለ ሥነ ተዋልዶ የሚያትተው ምዕራፍ ላይ ስንደርስ ክፍሉ በሹክሹክታ ሲሞላ፣ አንዳንድ ባልደረቦቼም «ቤታችሁ አንብቡት» ብለው ሲያልፉት አይቻለሁ። ቤት ውስጥ ደግሞ ወላጅ «መምህራኑ ይነግሯቸዋል» ብሎ ዝም ይላል። አንዲት ተማሪዬ የመጀመሪያ የወር አበባዋን ስታይ የታመመች መስሏት ለቀናት ከትምህርት የቀረችው፣ እናቷም ታላቅ እህቷም አጠገቧ እያሉ ነው። ይህ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ በአገራችን ከ15 እስከ 19 ዓመት ከሆናቸው ሴቶች 13 በመቶ ያህሉ ወልደው ወይም ነፍሰ ጡር ሆነው ተገኝተዋል፤ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ግን የጋብቻን ዝቅተኛ ዕድሜ 18 ዓመት ያደረገው በ1992 ዓ.ም. ነበር።

ትምህርቱ ልጆችን ያባልጋል የሚለውን የወላጆች ስጋት አልንቀውም። ስለዚህም ትምህርት ቤቶች የሚያስተምሩትን አስቀድመው ለወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ቢያሳዩ፣ ይዘቱንም በዕድሜ ቢመጥኑት መልካም ነው። ለሕፃን የሰውነት ክፍሎቹን ስም፣ ገላውን ማንም እንዳሻው መንካት እንደማይችል፣ «ለማንም እንዳትናገር» የሚለውን ሰው ለእናት ለአባቱ መንገር እንዳለበት ማስረዳት በቂ ነው፤ ለጎረምሳውና ለኮረዳዋ ግን ስለ እርግዝና፣ ስለ ኤችአይቪና እንቢታን ስለ ማክበር በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። ወንዶች ልጆችም ከክፍል እንዳይወጡ እለምናለሁ።

ጋዜጣችሁ የጤና ባለሙያዎችንና የሃይማኖት አባቶችን በዚሁ ጉዳይ ቢያወያይልን ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የባዮሎጂ መምህር፣ ከደሴ