የስኬቲንጉ ወለል ክረምቱ ሳይገባ ይጠገንልን

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ሰላም ለናንተ ይሁን። አዲስ አበባ ሲኤምሲ አካባቢ ነው የምኖረው፣ ስራዬ ፊኒሺንግ ነው፣ ሊሾ (በሲሚንቶ የሚለሰን ወለል) እና ቴራዞ (በማሽን ተፈጭቶ የሚለሰልስ ወለል) ስሰራ ነው ልጆቼን ያሳደኩት። ይሄን የምጽፍላችሁ ሰፈራችን ፓርክ ውስጥ ስላለው የሮለር ስኬቲንግ ሜዳ ነው። የፓርኩን ስም ያልጻፍኩት ማንንም መክሰስ ስላልፈለኩ ነው፣ የሚመለከታቸው ሰዎች ሲያነቡት ያውቁታል። የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፣ ወለሉ በስርአት ይጠገን፣ ሰኔ ሳይገባ።

አሁን ያለበትን ሁኔታ ልንገራችሁ። ከመግቢያው በግራ በኩል ከዳር እስከ ዳር የሄደ ስንጥቅ አለ፣ ጣት ያስገባል፣ ደግሞ ባንዱ ጎን ያለው ኮንክሪት ከሌላው ከፍ ብሏል። መሀል ላይ ዝናብ በመጣ ቁጥር ውሃ ይተኛል፣ ሲደርቅ ደለል ትቶ ይሄዳል። ወደ ጥላው በኩል ደግሞ የካስማ ቀዳዳዎች አሉ፣ ለሆነ ፕሮግራም ድንኳን ሲተከል ብረት ካስማ በመዶሻ ቀጥ አርገው ወለሉ ላይ መቱበት፣ ጄኔሬተርና ስፒከር የጫነ አይሱዙም ላዩ ላይ ወጥቶ ነበር፣ ለሰው መራመጃና ለስኬቲንግ ተብሎ የተሞላ ስስ ወለል ያን ክብደት አይችልም። አንዴ ከተሰነጠቀ በኋላ ውሃ መግቢያ አገኘ በቃ።

የስኬት ጎማ ትንሽ ነው። በአንድ መስመር የተደረደረው አይነት ዲያሜትሩ ብዙውን ጊዜ 8 ሳንቲሜትር ገደማ ነው፣ ባለ ሁለት ረድፉ 6 ገደማ። መኪና ረግጦት ማለፉን የማያውቀው ጠጠር ልጅ ይጥላል። አንዲት የጎረቤት ልጅ፣ ጎበዝ ናት፣ ወደኋላ እየነዳች ስትመጣ የኋላው ጎማ ስንጥቁ ውስጥ ገባ፣ በመዳፏ አረፈችና የእጇ አንጓ ተሰበረ። ታላላቆቹ ልጆች ካርቶን ቀደው እጇ ስር አደረጉላትና በአንዷ ሻርፕ አሰሩት፣ እኛ ትልልቆቹ ወጌሻ ጋ ነው ሀኪም ቤት ስንባባል እነሱ ራይድ ጠርተው ጨርሰው ነበር። ጀሶው ከወጣላት በኋላ እናቷ ከለከለቻት፣ ማን ይፈርድባታል።

አሁን ስለ ጥገናው ልናገር፣ ምክንያቱም ዋናው ነገር እዚ ላይ ነው። ከዚ በፊት ተጠግኗል። ሰው መጣ፣ ስንጥቁ ላይ ሲሚንቶና አሸዋ ለውጦ ቀባበትና ሄደ። ከላይ ሲታይ ያምራል። ክረምቱ ሲያልፍ ያ የተቀባው እንዳለ ተላጠ፣ እንደውም ስንጥቁ ድሮ ያልነበረበት ቦታ ድረስ ሄደ። ይሄ የሚያስገርም ነገር የለውም፣ እኛ አካባቢ መሬቱ ጥቁር አፈር ነው፣ ዋልካ የምንለው፣ ሐምሌና ነሐሴ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ በጋ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ላዩ ላይ ያለውን ነገር ሁሉ ሲያነሳና ሲጥል ይኖራል፣ የሰፈራችን አጥሮች ለምን እንደተሰነጠቁ የምታውቁ ታውቃላችሁ። እዛ ላይ ደግሞ ከሜዳው አንዱን ጎን ይዞ ሳር ተተክሏል፣ በጋውን ሙሉ በጎማ ውሃ ይጠጣል፣ ስለዚ ባንድ በኩል ያለው አፈር እርጥብ በሌላው በኩል ያለው ደረቅ ይሆናል፣ ወለሉ ባንድ ጎን ብቻ የተነሳው ለዛ ይመስለኛል። እንደዚ ባለ መሬት ላይ በሊሾ መቀባባት ብር መጣል ነው፣ ያውም የህዝብ ብር።

መሆን ያለበት እንዲህ ነው። መጀመሪያ የውሃው ነገር ይስተካከል፣ ዙሪያውን ቦይ ይሰራለት፣ ከሳሩ የሚመጣው ውሃ ወደ ወለሉ ስር እንዳይገባ። ከዛ የተሰበረው ክፍል በመቁረጫ ማሽን በአራት ማዕዘን ተቆርጦ ይውጣ፣ ስሩ ያለው ጥቁር አፈር ተዝቆ ሰሌክት ማቴሪያል፣ ማለትም ውሃ ሲነካው የማያብጥ የተመረጠ አፈር፣ ተሞልቶ በደንብ ይጠቅጠቅ፣ ፌሮ ይግባበትና ኮንክሪት ይሞላ፣ በየሜትሩ 1 ሳንቲሜትር ያህል ተዳፋት ይኑረው ውሃው እንዳይተኛ፣ ለስኬቲንግ ይሄ አይሰማም። ወለሉ ሲያብጥና ሲኮማተር የሚተነፍስበት መጋጠሚያ ይተውለትና የሚለጠጥ ማስቲክ ይሞላበት፣ በሲሚንቶ አይደፈን። የተሞላው ኮንክሪት ቢያንስ ሳምንት ውሃ ይጠጣ፣ 28 ቀን ሳይሞላው ማንም አይውጣበት፣ የድንኳን ሰው ጭራሽ አይድረስበት። መጨረሻ ላይ አዲሱና አሮጌው የሚገናኙበት ቦታ በቴራዞ ማሽን ይፈጭ፣ በጣት ሲዳሰስ ደረጃ ከሌለው ልጅ አይወድቅበትም። አዲስ አበባ ውስጥ ይሄን መስራት የሚችል ባለሙያ ሞልቷል፣ ከውጪ የሚመጣ ነገር አይጠይቅም።

ሰሞኑን ይሄን ስናወራ አንዳንድ ሰዎች ኑሮው እንዲህ ተወዶ እናንተ ለጨዋታ ወለል ትለፋላችሁ ይሉናል። ኑሮ መወደዱን እኛም በየቀኑ እናየዋለን። ግን ወለሉ ተበላሸ ብሎ ጫማውን የሰቀለ ልጅ የለም። ልጆቹ ወጥተው አስፋልት ላይ ነው ያሉት፣ ማታ ማታ በዋናው መንገድ ቁልቁል ሲወርዱ አያቸዋለሁ፣ አንዳንዶቹ ሚኒባስ ኋላ ላይ ተንጠልጥለው ሽቅብ ይወጣሉ፣ ሾፌሩ በስፖኪዮ አያያቸውም፣ ድንገት ፍሬን ቢይዝ ምን እንደሚሆን ማሰብ አልፈልግም። በዚች ከተማ በየዓመቱ በመቶዎች የሚቆጠር ሰው በመኪና አደጋ ይሞታል፣ አብዛኛው ደግሞ እግረኛ ነው። ለኔ ያ ወለል ልጆቹን ከአስፋልት የሚያወጣ ቦታ ነው።

መስቀል አደባባይ ይሂዱ የሚሉም አሉ። እውነት ነው ከ2013 ዓ.ም. እድሳት በኋላ ወለሉ ያምራል፣ ብዙ ልጅ ማታ ማታ እዛ ይነዳል፣ ጫማ የሚያከራዩም አሉ። ግን የ11 ዓመት ልጅ ከሲኤምሲ ተነስታ በታክሲ ሰልፍ እዛ ሄዳ በምሽት ትመለስ ማለት ነው? በ2011 የተጀመረው፣ መንገዱ ለመኪና ተዘግቶ ለሰው የሚለቀቅበት መንገድ ለሰው የሚባለው ፕሮግራምም ቢሆን ቆንጆ ነገር ነው፣ ግን በየቀኑ የለም፣ ልጅ ደግሞ በየቀኑ ነው ከትምህርት ቤት የሚመለሰው።

ጨዋታ ብቻ ነው የሚለውንም አልቀበልም። ልጄ እንደነገረኝ ሮለር ስኬቲንግ በ2018 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ቦነስ አይረስ በተደረገው የወጣቶች ኦሎምፒክ ላይ ውድድር ነበረው፣ ስኬትቦርድ ደግሞ ቶኪዮ ላይ ትልቁ ኦሎምፒክ ገብቷል። እኛም ሀገር በ2008 ዓ.ም. በበጎ ፈቃደኞች ጉልበት የተሰራ የስኬትቦርድ ፓርክ አዲስ አበባ ውስጥ ተከፍቷል፣ ከሌላ ሀገር የመጡ ወጣቶች ካገራችን ልጆች ጋር ሆነው ነው ኮንክሪቱን የሞሉት። እኛ ልጆች እያለን በቦርድና በአሮጌ ኩሽኔታ መኪና ሰርተን ቁልቁለት እንወርድ ነበር፣ ማንም ሜዳ አልሰራልንም። ለነዚህ ልጆች ግን ተሰርቶላቸዋል፣ የተሰራ ነገር እያየነው ሲፈርስ ዝም ማለት ከበደኝ።

በኮሪደር ልማቱ ከ2016 ጀምሮ ስንት የእግረኛና የሳይክል መንገድ፣ ስንት የልጆች መጫወቻ እንደተሰራ ሁላችንም አይተናል፣ ደስ ብሎናል። ያ ሁሉ ነገር ዛሬ አዲስ ነው፣ ነገ ጥገና ይፈልጋል። ለጥገና የሚመደብ ሰውና በጀት ከሌለ ሁሉም እንደኛ ሜዳ ነው የሚሆነው፣ ስለዚ ይሄ የኛ ሰፈር ጉዳይ ብቻ አይመስለኝም።

የምንፈራው ሌላ ነገርም አለ። ወለሉ ተበላሽቷል ተብሎ በገመድ ታጥሮ ይከርምና ከዛ ቀስ ብሎ የፓርኪንግ ወይ የካፌ ወንበር ቦታ ይሆናል፣ ከጁስ ቤቱ በኩል ወንበሮች አሁንም እየተጠጉ ነው። ሰርተው የሚያድሩትን ሰዎች አልጠላም፣ ቦታቸው ግን እዛ ማዶ ነው።

ከነዋሪው በኩል ዝግጁ ነን። የእድራችን ሰዎች ተነጋግረናል፣ አሸዋና ጠጠር የሚችል አሸዋና ጠጠር ያመጣል፣ ወጣቶቹ የመቆፈሩንና የመጥረጉን ስራ እንሰራለን ብለዋል፣ እኔና የሙያ ጓደኞቼ የእጅ ዋጋ አንጠይቅም። ከመንግስት የምንፈልገው የፈቃድ ደብዳቤ፣ የሚቆጣጠር መሀንዲስ፣ ሲሚንቶና ፌሮ፣ ደግሞ ከጥገናው በኋላ መኪናና ካስማ ወለሉ ላይ እንዳይደርስ የሚከለክል መመሪያ ነው። ጥያቄያችንን በጽሁፍ አስገብተናል፣ መልስ እየጠበቅን ነው።

ኮንክሪት ሞልቶ 28 ቀን ለመጠበቅ ግንቦት ከመግባቱ በፊት መጀመር አለብን፣ ከዛ ካለፈ ወደ መስከረም ነው የሚገፋው። የሚመለከተው አካል ደውሎ ሳይሆን መጥቶ ቢያየው ደስ ይለናል፣ እሁድ ከሰዓት ሁሌም እዛው ነን። ዝግጅት ክፍሉም ደብዳቤዬን ካወጣልኝ ከኃላፊዎቹ የሚሰጠውን መልስ ጋዜጣው ላይ እንዲያወጣልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንድ አባት፣ ከሲኤምሲ፣ አዲስ አበባ