የክበባት ዘገባ፦ «ያድግበታል» ተብሎ የተገዛው ስቲክ

እዚህ ካናዳ፣ ኤድመንተን ያለው የሳይንስና የእጅ ሥራ ክበባችን መስከረም ላይ ሲሰበሰብ ዕቅዱ በፀሐይ የሚሠራ ምድጃ ነበር። ዕቅዱን ያወጣሁት እኔ ነኝ። አንዲት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ ኤድመንተን ውስጥ በየትኛው ፀሐይ?» ስትለኝ ምድጃው በዚያው ቀረ።

በሁለተኛው ቅዳሜ አንድ የ11 ዓመት ልጃችን ከበረዶ ሆኪ ልምምድ በቀጥታ መጣ። ስቲኩን፣ ማለትም የመጫወቻ ዱላውን፣ ግድግዳ አስደግፎ አኩርፎ ተቀመጠ። ምን ሆንክ ስለው፣ አሰልጣኙ «ፐኩን ትገፋዋለህ እንጂ አትመታውም» እንዳለው ነገረኝ (ፐክ በሆኪ በኳስ ፈንታ የሚመታው ጠፍጣፋ የጎማ ክብ ነው)። ስቲኩን መሬት ላይ አስይዞ እንዲጫነው አደረግሁ። በሙሉ ክብደቱ ተንጠለጠለበት፤ ዘንጉ ግን እንደ በር መወርወሪያ ገትሮ ቀረ። የዓመቱ ሥራችን የመጣው ከዚያ ነው።

ሆኪ ለማይከታተሉ ወላጆች ትንሽ ላስረዳ። የስቲክ ዘንግ መለመጥ አለበት። ተጫዋቹ ከፍ አድርጎ ሲመታ ስቲኩ መጀመሪያ የሚያርፈው ፐኩ ላይ አይደለም፤ ከፐኩ ኋላ ትንሽ ቀደም ብሎ በረዶውን ይነካል። በዚያች ቅጽበት ዘንጉ እንደ ቀስት ይጎብጥና ቀና ሲል ያጠራቀመውን ጉልበት ለፐኩ ይሰጠዋል። ካልጎበጠ ለልጁ የሚቀረው የክንዱ ጉልበት ብቻ ነው። ዘንጉ ላይ የሚጻፈው የፍሌክስ ቁጥር ይህንኑ ይናገራል፤ 50 ካለ፣ ዘንጉን መሐሉ ላይ አንድ ኢንች ለማጉበጥ 50 ፓውንድ ያስፈልጋል ማለት ነው። በሆኪ ሰዎች ዘንድ የተለመደው ግምት የተጫዋቹን ክብደት ግማሽ መውሰድ ነው። የእኛ ልጅ 80 ፓውንድ ይመዝናል፤ ስለዚህ 40 አካባቢ ይበቃዋል።

ስቲኩ ላይ የተጻፈው 50 ነው። ይበዛበታል፣ ግን ያን ያህል መገተር አልነበረበትም። ነገሩ የተገለጠው ልጁ «እማዬ ያድግበታል ብላ ረዥሙን ገዛችው፤ አባዬ ደግሞ ከላይ በመጋዝ ቆረጠልኝ» ሲል ነው።

መለኪያችንን ራሳችን ሠራን። ሁለት ጠረጴዛዎች 120 ሴንቲ ሜትር አራርቀን ዘንግ ጋደም አደረግንባቸውና መሐሉ ላይ ባለ 25 ፓውንድ የጤፍ ከረጢት አንጠለጠልን። የመጀመሪያው ቀን ከረጢቱ ከገመዱ ሾልኮ ወደቀና ፈነዳ። ጤፍ ወለል ላይ ደፍቶ የሚያውቅ ሰው ይረዳኛል፤ እስከ ገና ድረስ ከወለሉ ስንጥቅ ስንለቅም ነበር። በሌላው ሳምንት በሁለት ሻንጣ ማሰሪያ ጠፍረን አንጠለጠልነው። ሆኖም ዘንጉ ንቅንቅ አላለም፤ ለካ በጠባብ ጎኑ አስተኝተነዋል። ገልብጠን በሰፊው ጎኑ ስናስተኛው እሺ ብሎ ጎበጠ። ስቲክ ሲመታም የሚጎብጠው በዚሁ አቅጣጫ፣ በቀጭኑ ውፍረት በኩል ነው።

ከዚያ ያገለገለ ባለ 50 ስቲክ ገዝተን ሳይቆረጥ ለካነው፤ 13 ሚሊ ሜትር ወረደ። ከላይ 10 ሴንቲ ሜትር ቆርጠን፣ ጠረጴዛዎቹንም ያንኑ ያህል አቀራርበን፣ ያንኑ ጤፍ ሰቀልንበት። 10 ሚሊ ሜትር! ልጆቹ ማስመሪያውን ያልያዝኩ ይመስል ደጋግመው አስነበቡኝ። ሰሌዳው ላይ ለ120 ሴንቲ ሜትሩ 12 ጊዜ 12 ጊዜ 12፣ ከሥሩ ለ110ሩ 11 ጊዜ 11 ጊዜ 11 ጻፍኩ፤ 1,728 እና 1,331። ሲካፈሉ 1.3 ገደማ ይመጣል። የዘንግ መገተር ከርዝመቱ ጋር የሚለዋወጠው እንዲህ ሦስት ጊዜ እየተባዛ ነውና አንድ አሥራ ሁለተኛውን ብቻ ስንቆርጥ 30 በመቶ ያህል ገተረ። 50 የነበረው 65 ሆነ ማለት ነው፤ 130 ፓውንድ ለሚመዝን ሰው የሚሆን ስቲክ። ልጃችን ሲገፋ የከረመው በዚያ ነው።

በወላጆች ቀን ይህን ስናሳይ እናትየው ሳቀች፤ ሌሎች ሦስት ወላጆች ግን ዝም ብለው የየልጆቻቸውን ስቲክ ሲያዩ ነበር። «ያድግበታል» ለካፖርት ይሠራል፤ እጅጌው ይታጠፋል። የስቲክ እጅጌ አይታጠፍም።

ከገና በኋላ የራሳችንን ዘንግ ከእንጨት ሠራን። 20 ሚሊ ሜትር የነበረውን ውፍረት በመላጊያ 18 ስናደርሰው ከሩብ በላይ ለዘበ፤ እዚህም ቁጥሩ ሦስት ጊዜ ይባዛል። አንደኛው ቡድን ዘንጉን ወደ መምቻው አካባቢ ብቻ አሳሳው፤ በዚያ በኩል የሚጎብጥ ስቲክ ፐኩን ቶሎ ይለቃል። ሌላው ቡድን መሐሉን አሳሳ። ሰፈራችን ሜዳ በረዶ ላይ ሲሞከሩ የመጀመሪያው ጥሩ ሠራ። ሁለተኛው በአራተኛው ምት ተሰበረ፤ ቅርንጫፍ የወጣበት ቦታ ነበረው። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ርካሹን ጣውላ የመረጥኩት እኔ ነኝ። በዚያው ቀን አንዱ ቅልጥሜን ገጨኝ፤ በገና ጨዋታ አይቆጣም ጌታ ብዬ አለፍኩት።

አንድ አሰልጣኝ የተሰበረ የካርቦን ፋይበር ስቲክ ሰጥተውን ስለነበር ደጅ ወጥተን፣ አፍና አፍንጫችንን ሸፍነን (ብናኙ ክፉ ነው) በመጋዝ ቆረጥነው። ውስጡ ባዶ ነው። ክሮቹ በንብርብር ተነባብረዋል፤ በርዝመቱ የተዘረጉት መጉበጡን ይገዛሉ፣ አግድም የተጣመሙት ደግሞ ዘንጉ እንዳይጠመዘዝ ይይዛሉ። ፋብሪካው መላጊያ አያስፈልገውም፤ ንብርብሩን እየቀያየረ የፈለገውን ፍሌክስ ያወጣል። ለልጆቹ ይበልጥ የገረማቸው ግን ሌላ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በምሥራቅ ካናዳዋ ኖቫ ስኮሺያ ውስጥ የሚክማቅ ነባር ሕዝብ ጠራቢዎች ስቲክ ሲሠሩ ከሥሩ በተፈጥሮ የታጠፈ እንጨት እየመረጡ ነበር። የገና ዱላም የሚመረጠው እንደዚያው ነው።

ስለ አያያዝ ያደረግነው ሙከራ አጭር ነው፤ ጥሩ ጭቅጭቅ ግን አስነሥቷል። እርጥብ ጓንት ዘንጉ ላይ በላስቲክ አስረን ሻንጣ በሚመዘንበት ሚዛን ጎተትነው። የሚያጣብቅ ቅብ ያለው ዘንግ ከሁሉም በላይ ያዘ፣ ለስላሳው ከሁሉም ያነሰ። ወንዶቹ «የሚያጣብቀው ያሸንፋል» ብለው ሊዘጉት ሲሉ በረኛዋ ተማሪ ተነሣች። የላይኛው እጅ አይነቃነቅም፣ የታችኛው ግን ሲያቀብሉም ሲመቱም ወደ ላይ ወደ ታች ይንሸራተታል፤ ከተጣበቀ ምኑን ይጫወታሉ? ትክክል ነበረች። ለስላሳ ዘንግ ይዘን ከላይ ቴፕ እንደ ገመድ አክርረን ጠመዘዝንበት፣ በላዩም ሌላ ቴፕ ጠቀለልን፤ ጫፉ ላይ በረዶ ላይ የወደቀ ስቲክ በጓንት ለማንሣት የሚበቃ እብጠት አበጀን። ለታችኛው እጅ አንድ ጣት እያራራቅን አንድ ዙር ቴፕ ብቻ አዞርን። ጥቁሩ ቴፕ የጓንቱን መዳፍ ስላጠቆረው በነጭ ለወጥነው።

ግንቦት ላይ አንድ አባት ሳሎናቸው ውስጥ የሰቀሉትን የወይራ የገና ዱላ ይዘው መጡ። ልጆቹ ተሻምተው ጠረጴዛዎቹ ላይ አጋድመው ጤፉን ሰቀሉበት። ማስመሪያው ፈቀቅ አላለም። አባትየው እጃቸውን አጣምረው ሲያዩ ቆዩና «እናንተ ልጆች፣ ይሄ ሩር ሊመታ ነው የተቆረጠው፤ ሊሰግድላችሁ መሰላችሁ?» አሉ።

የ11 ዓመቱ ልጅ አሁን ባለ 40 ይዟል፤ ቁመቱም ልኩ ነው። የሻንጣ ሚዛኑን ያዋሰችን ሰው ሰኔ ላይ አዲስ አበባ ልትሄድ ስትል ወስዳዋለች፤ ለመስከረም የሚያውሰን ካለ ይንገረን። ጤፉን ግን እንጀራ አድርገን በልተነዋል።