ያልሞተችው ነርስ

ውድ ጓደኛዬ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እናትሽስ በርትተዋል? ስልኩ የተከፈተ ጊዜ ድምፅሽን ሰምቼ ሁለታችንም ካለቀስን ወዲህ ብዕር ባነሣሁ ቁጥር ቃል ይጠፋኛል። አንቺ ያየሽውን እኔ አላየሁም፤ ከየት ልጀምር? ይቅርታሽን አሁኑኑ ስጪኝና ወደ ጉዳዬ ልግባ። ቁጣሽን ለመልስሽ አቆዪልኝ፤ ስትቆጪ ደብዳቤሽ ይረዝማል፣ እኔም ረጅም ደብዳቤ ናፍቆኛል።

ጉዳዬ የአድዋ ጉዳይ ነው። «አድዋ የሁላችንም ናት» ብዬ ስከራከርሽ «የሁላችሁም ከሆነች ኑና ውኃ ቅዱልን» ያልሽኝን አልረሳሁም። ስለዚህ ዛሬ በትሕትና ነው የምለምንሽ።

የታሪክ ክበቡን እኔ እንደያዝኩት ሳትሰሚ አትቀሪም። ልጆቹ ዓመተ ምሕረት መሸምደድ ሰልችቷቸው ነበርና አንድ ቀን ብቻ እንምረጥ፣ ያን ቀን ጋዜጦች ምን እንዳሉ እንይ ተባባልን። የተመረጠው ሐሙስ መስከረም 22 ቀን 1928 ነው፤ የጣሊያን ጦር ጦርነት ሳያውጅ ማለዳ መረብን የተሻገረበት፣ አድዋና አዲግራት በአውሮፕላን የተደበደቡበት፣ እዚህ በታላቁ ቤተ መንግሥት የክተት ነጋሪት የተጎሰመበት ቀን። ወመዘክር ገባሁ፣ ከኢንተርኔትም የውጭ ጋዜጦችን ገጽ አሳተምኩ፣ ዋና ዋናውን ወደ አማርኛ መልሼ የክፍሉን ግድግዳ ሞላሁት።

ልጆቹ እንዴት እንደሣቁ ብታይ! ሙሶሊኒ ረቡዕ ማታ ከፓላዞ ቬኔዚያ ሰገነት ያሰማው ንግግር በማግስቱ በጣሊያን ጋዜጦች ወጥቷል። በዚያች ሰዓት 20 ሚሊዮን ሰው አደባባይ እንደወጣ ይናገርና «ከኢትዮጵያ ጋር 40 ዓመት ታግሠናል፤ አሁን ይበቃል!» ይላል። ልጆቹ ከ1888 እስከ 1928 ቆጠሩ። አንዲቱ ብድግ ብላ «ሳይጠራ ሰው ቤት የገባው እሱ፣ ተመትቶ የወጣው እሱ፣ ታጋሹም እሱ?» ስትል ክፍሉ ተናጋ። ቀጥሎ ጣሊያን ከፀሐይ በታች ትንሽ ቦታ እንዳትይዝ ተከልክላለች የሚለው መጣ። «ሮም ፀሐይ አይወጣም እንዴ?» አለ ከኋላ የተቀመጠው። እኔም እንባዬ እስኪወርድ ሣቅኩ።

የጄኔቫው ወሬ ደግሞ ይብሳል። ንጉሠ ነገሥቱ ግጭት እንዳይጫር ብለው ሠራዊታቸውን ከድንበሩ 30 ኪሎ ሜትር ወደ ኋላ እንዲመለስ አድርገው ነበር። ጣሊያን ግን በዚያው በወረረችበት ቀን ለመንግሥታት ማኅበር ጠብ አጫሪዋ ኢትዮጵያ ናት ብላ አመለከተች! የሸሸው አጥቂ፣ የተከተለው ተጠቂ ሆነ ማለት ነው።

እዚህ አዲስ አበባ ደግሞ ከመቶ የማያንሱ የውጭ ዘጋቢዎች ሆቴሎቹን ሞልተው ተቀምጠዋል። ጦርነቱ ሰሜን ነው፤ እነሱ ወደ ግንባር እንዲሄዱ አልተፈቀደላቸውም። የቴሌግራም ዋጋ በቃል ስለሚቆጠር ሁለት ሦስቱን ቃል አንድ ላይ እየሰፉ ይልካሉ። ያን ሁሉ ወሬ ወደ ዓለም የሚያደርሰውን የአቃቂን የሬዲዮ ጣቢያ የሠራው ማን መሰለሽ? የጣሊያን ኩባንያ! ልጆቹ ይህን ሲሰሙ አጨበጨቡ።

አሁን ወደ ነርሷ ልምጣ። አድዋ ላይ ቦምቡ የወደቀው የቀይ መስቀል ምልክት ባለበት ሆስፒታል ላይ ነው ተባለ፤ ወሬው ከአፍ ወደ አፍ ሲዞር አንዲት አሜሪካዊት ነርስ ሞተች ተባለ። ወዲያው ከለንደን ለአንድ ዘጋቢ ቴሌግራም ደረሰው፤ አድዋ ላይ በቦምብ የሞተችውን አሜሪካዊት ነርስ ስም፣ የሕይወት ታሪክና ፎቶግራፍ በአስቸኳይ ላክ የሚል። ሰዎቹ ቢጠይቁ፣ ቢያጣሩ፣ ነርስ የምትባል የለችም። ከአዲስ አበባ የሄደው መልስ ሁለት ቃል ብቻ ነበር፤ ነርሷ አልፈነዳችም። ከጥቂት ቀናት በኋላ ነርሷ ከጋዜጦቹ ጠፋች።

ልጆቹ በዚህ መንከትከት ጀመሩ። «ነርሷ አልፈነዳችም» እየተባባሉ ጠረጴዛ ይደበድባሉ። እኔም ደስ ብሎኛል፤ ታሪክ እንዲህ ሲያስቃቸው አይቼ አላውቅም። በመካከል አንድ ዝምተኛ ልጅ እጁን አወጣ። «መምህርት፣ ያልሞተችዋን ሴት ስም እንዲህ ከፈለጉ፣ የሞቱት የአድዋ ሰዎች ስም የት ተጻፈ?»

ሣቁ ቆመ። እኔ መልስ አልነበረኝም። ግድግዳውን ዞሬ አየሁት፤ የሙሶሊኒ ስም አለ፣ ቦምብ ሊጥል የበረረው የአማቹ የቻኖ ስም አለ፣ የራስ ሥዩም አለ፣ የጄኔቫ ሰዎች አሉ። ያን ጠዋት እሳት አንድዳ እንጀራ ስትጋግር ቦምብ የወደቀባት ሴት ግን የለችም። ፎቶግራፏን የጠየቀ አዘጋጅ አልነበረም። ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፌ ተናግቷል፤ እውነቴን ነው።

ስለዚህ ይኸውልሽ ልመናዬ። እናትሽ ከእናታቸው የሰሙት ነገር አይጠፋም። በድሮው ጊዜ እናንተ ቤት ቡና ሲፈላ አንዳንድ ነገር ሲያነሡ ሰምቼ ነበር፤ ያኔ ልጅ ስለነበርኩ ጆሮ አልሰጠሁም። ከጎረቤት፣ ከዘመድ፣ ከደብሩ ካህናት የሚያስታውስ ካለ ጠይቂልኝ። የአባት ስም ባይታወቅም ግድ የለም፤ የማን ልጅ፣ ቤቷ በየትኛው ደብር አጠገብ እንደነበረ ይበቃል። ሰዎቹ እንደሚጠሩት በትግርኛው ጻፊልኝ።

እና... እንዴት እንደምለው አላውቅም። ስለ ትናንቱ ጦርነት ሳልጠይቅሽ ስለ 90 ዓመቱ መጠየቄ እንዳይከፋሽ እፈራለሁ። ያን ያልጠየቅኩት ስለማያሳስበኝ አይደለም። ልትነግሪኝ በፈለግሽ ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ እኔ አለሁ። ልትነግሪኝ ካልፈለግሽም አለሁ። ለእናትሽ ይከብዳቸዋል ብለሽ ካሰብሽ ደግሞ አትጠይቂያቸው፤ ልጆቹን እኔ አስረዳለሁ።

ስለ እኔ ብዙ የምጽፈው የለኝም፤ ደህና ነኝ። ፒያሳ አብዛኛው ፈርሷል፤ ማኪያቶ የምንጠጣበት ቤትም የለም። ጣይቱ ሆቴል ግን እንዳለ ነው፤ ስትመጪ እዚያ እንቀመጣለን፣ ሂሳቡን እንደ ልማድሽ ተሽቀዳድመሽ እንዳትከፍዪ።

ክበቡ የሚሰበሰበው ዓርብ ከሰዓት ነው። ግድግዳው ላይ ከርዕሶቹ በላይ አንድ ባዶ ወረቀት ለጥፈናል፤ አንድ ስም እንኳ ብታገኚ ሌላውን ሳትጠብቂ በቴሌግራም ላኪልኝ።

እናትሽን እጃቸውን ሳሚልኝ።

ያንቺው፣ አራት ኪሎ