ያን ቀን ስልኩን የዘጋሁብሽ

ፒያሳ፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለአብሮ አደጌ፣

እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ ደህና ናቸው? ትንሿ ይሄኔ ትምህርት ቤት ገብታለች። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ሳልደውልልሽ፣ ስትደውዪም ሳላነሳ ከርሜ አሁን ደብዳቤ መጻፌ ይገርምሽ ይሆናል። በስልክ ብጀምረው ለቅሶ ይቀድመኛል ብዬ ነው።

የምጽፍልሽ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ተቀምጬ ነው። የቤታችንን ትልቅ ሰው፣ እቴቴን እያስታመምኩ ነው። ልቧ ደክሟል፣ ሳንባዋ ውሃ ይቋጥራል፣ እግሯ አብጧል። ዘንድሮ ስትተኛ ይሄ አራተኛዋ ነው። ስለሷ እመጣበታለሁ። መጀመሪያ ግን ስለ እማዬ ልንገርሽ።

ጥቅምት 2015 ላይ፣ እማዬ በካንሰር ሆስፒታል ተኝታ ሳለች፣ ደውለሽ ያልሽኝን አልረሳሁትም። «ልቧ ቢቆም ደረቷን እንዳይጫኑ፣ ቱቦም እንዳያስገቡባት ሐኪሙን ዛሬውኑ አናግሪው» አልሽኝ። ጆሮዬ የሰማው «እናትሽ ትሙት» የሚል ነበር። «ሟርተኛ» ብዬሽ ስልኩን ጆሮሽ ላይ ዘጋሁት። አንቺ ነርስ ነሽ፤ በየቀኑ የምታዪውን ነው የነገርሽኝ። እኔ ግን ሲያትል ብዙ ኖረሽ አንጀትሽ የደነደነ መሰለኝ። ይቅር በይኝ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለማንም ዘርዝሬ አላወራሁም። በሁለተኛው ቀን፣ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ፣ እማዬ ትንፋሿ ቀጥ አለ። ጮህኩ። ሮጠው መጡ። እኔን ወደ ውጭ አወጡኝ፤ በሩ ግን ገርበብ ብሎ ነበር። አንድ ወጣት ሐኪም አልጋው ላይ በጉልበቱ ወጥቶ ደረቷን በሁለት እጁ ይጫናል። በትክክል ሲሠራ ደረት 5 ሴንቲሜትር ያህል ዝቅ ማለት አለበት፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ። ይህን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። ካንሰሩ አጥንቷ ውስጥ ገብቶ እንደነበር ታውቂያለሽ። የጎድን አጥንቷ ሲሰበር ኮሪደር ላይ ሆኜ ሰማሁት።

ልቧ ተመለሰ። «ተመልሳለች» ሲሉኝ መሬት ላይ ተደፍቼ አመሰገንኩ። ከዚያ አይሲዩ፣ የጽኑ ሕሙማን ክፍል አስገቧት። ጉሮሮዋ ውስጥ ቱቦ፣ እሱን እንዳትነቅለው እጆቿ ከአልጋው ጋር በጨርቅ ታስረው። አራት ቀን እንደዚያ ቆየች። ዓይኗን የገለጠችው አንዴ ብቻ ነው። ንስሐ አባቷ መጥተው ራስጌዋ ቆመው ጸለዩላት። መናዘዝ አልቻለችም፤ ቱቦ በሞላው አፍ እንዴት ትቁረብ? ጊዮርጊስን ሳትሳለም ውላ የማታውቅ ሴት! በአምስተኛው ቀን ልቧ እንደገና ቆመ። «ሁሉንም አድርጉ» አልኩ። ደግመው ደረቷን ተጫኑ። አልተመለሰችም።

ሐኪሞቹ ያልኳቸውን ነው ያደረጉት። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ሰባት ወር ስትመላለስ አጠገቧ ተቀምጦ «ምን ይሁንልሽ?» ያላት ሰው አልነበረም። እኛ ልጆቿ ደግሞ በሽታዋን ደብቀናት ነበር። «እባጭ ነው፣ በመድኃኒት ይሟሟል» እያልን። ዛሬ ሳስበው እሷም ማወቋን ከኛ ደብቃ ነበር። ስንት ወር ሙሉ እርስ በርስ ስንሸሸግ ከረምን።

ማንበብ የጀመርኩት ከሰማንያ ቀን ተዝካሯ በኋላ ነው። እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ አነብ ነበር። አሁን ሲፒአር የምንለው፣ የቆመ ልብን ደረት እየተጫኑ ማስነሳት፣ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1960፣ ባልቲሞር ጆንስ ሆፕኪንስ ውስጥ ነው። የታሰበውም ልቡ በድንገት ለቆመ ሰው ነበር፤ ኦፕራሲዮን ላይ ላለ፣ ኮረንቲ ለያዘው። እያደር ግን ሆስፒታል ውስጥ ለሚሞት ሁሉ ይደረግ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1974 የአሜሪካ ሐኪሞች ራሳቸው፣ በማይድን በሽታ ተይዞ ሞቱ ለሚጠበቅ ሰው ይሄ አይሆንም፣ ውሳኔውም መዝገቡ ላይ ይጻፍ አሉ። እናንተ ዲኤንአር የምትሉት፣ «ልቡ ቢቆም ለመመለስ አትሞክሩ» የሚለው ትእዛዝ የመጣው በዚህ መንገድ ነው። እዚያው እናንተ አገር፣ ሆስፒታል ውስጥ ልቡ ከቆመ አዋቂ ሰው ድኖ የሚወጣው ከ5ቱ 1 ገደማ መሆኑን ሳነብ ደነገጥኩ። ካንሰር ለተሰራጨበት ደግሞ ከዚያም በጣም ያንሳል። እኔ የማውቀው የፊልሙን ነበር። ሁለቴ ጫን ጫን ሲያደርጉት ተነስቶ ውሃ ስጡኝ የሚለውን።

አሁን ወደ እቴቴ ልምጣ።

ማክሰኞ ጠዋት አንዲት ወጣት ሐኪም መጣች። ቆማ አላወራችም፤ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ይህ ብቻውን ልቤን ነካው። «እማማ፣ ስለ ሕመምዎ ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ?» አለቻት። እቴቴ ቀና ብላ አየቻትና «ልጄ፣ ሰባ ስምንት ዓመቴ ነው። ከኔ ምን ይደበቃል?» አለቻት። ዶክተሯ ሁሉንም በቀስታ ነገረቻት። መድኃኒቱ ልቧን እንደ ድሮው ሊያግዘው እንዳልቻለ። ቀጥላም ልቧ በራሱ ቢያቆም ምን እንዲደረግላት እንደምትፈልግ ጠየቀቻት።

እቴቴ ትንሽ አሰበች። «ብትመልሱኝ ወዴት ነው የምመለሰው? ወደዚሁ አልጋ?» አለች።

«አዎ። ምናልባትም በማሽን እየተነፈሱ።»

«እንግዲያው ያኔ ተዉኝ። ግን ትንፋሽ ሲያጥረኝ ቆማችሁ እንዳታዩኝ።»

ዶክተሯ እጇን ይዛ ቃል ገባችላት። ከበላይ ሐኪሟ ጋር ተማክራ ቻርቷ ላይ ጻፈችው። እቴቴ ሐሳቧን ከለወጠች በማንኛውም ሰዓት እንደሚሰረዝም ነገረችን። እኔ የፈራሁት ከዚያ በኋላ ዞር ብሎ የሚያያት እንዳይጠፋ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ነርሶቹን ስጠብቅ አደርኩ። መጡ። ውሃውን የሚያስወጣውን መድኃኒት፣ ላሲክሱን ሰጧት፣ ኦክስጅኑን አስተካከሉላት፣ ጀርባዋ እንዳይቆስል አገላበጧት። ትንፋሹ ሲያስጨንቃት ትንሽ ሞርፊን ሰጧት፤ ሞርፊን ለዚያም እንደሚሆን አላውቅም ነበር። የተተወው ልቧ ሲቆም ደረቷን መጫኑ፣ ልብ ለማስነሳት የሚሰጠው ኤሌክትሪክና ቱቦው ብቻ ነው። አንቺ ያኔ ልታስረጂኝ የፈለግሽው ይሄንኑ ነበር አይደል?

ወንድሜ ግን አኩርፎኛል። ረቡዕ ከአዳማ መጥቶ ሲሰማ ኮሪደሩ ላይ ጮኸብኝ። «ብር አነሰን እንዴ? መኪናዬን እሸጣለሁ! ሰው ምን ይለናል?» አለኝ። እቴቴ ራሷ አስጠርታ ብትነግረው መሬት መሬት እያየ ሰማትና ወጣ። ከዚያ ወዲህ አላነጋገረኝም። አልተቀየምኩትም። ሦስት ዓመት ሙሉ እኔ አንቺን ያደረግኩሽን ነው ያደረገኝ። የተመላላሽ ወረፋ ላይ ስንት ቤተሰብ በዚህ ይጣላ ይሆን እያልኩ አስባለሁ።

ቤት ልወስዳት እፈልጋለሁ፤ እሷም ትፈልጋለች። የቱ ቤት ግን? ሰፈራችን ዶሮ ማነቂያ በ2016 መፍረሱን ሰምተሻል። በልጅነታችን የምናውቀው ግቢ የለም። ጎረቤቱ በየአቅጣጫው ተበተነ፣ ዕድርተኛው ለመሰብሰብ ሁለት ታክሲ ይይዛል። እቴቴ የደረሳት ኮንዶሚኒየም ከከተማው ዳር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት የለውም። ድሮ ሰው ቤቱ ሲሞት ሰፈሩ ሁሉ በየተራ አጠገቡ ያድር ነበር፤ አሁን በተራ የሚያድረው እኔና የአክስታችን ልጅ ነን። ሆስፒስ ኢትዮጵያ የሚባል ድርጅት አለ፤ አዲስ አበባ ውስጥ በየቤቱ እየሄደ እንዲህ ያሉ ሕሙማንን ይረዳል። ሰኞ ሄጄ ልጠይቃቸው ነው። ኦክስጅን እዚያ ፎቅ ላይ እንዴት እንደሚወጣ፣ ሌሊት ትንፋሽ ሲያጥራት ምን እንደማደርግ አንቺም ምከሪኝ። በሙያሽ ያለውን ሁሉ ንገሪኝ፤ አሁን እሰማሻለሁ።

ትናንት ንስሐ አባቷ መጡ። መጋረጃውን ስበንላቸው ወጣን። ብዙ አወሩ። አንዴ ስትስቅ ሰማኋት።

እቴቴ ስላንቺ ትጠይቃለች። «ያቺ ሹሩባ ስሠራት የምታለቅሰዋ ልጅ የት ደረሰች?» ትለኛለች። መኮራረፋችንን አልነገርኳትም። ድምፅ የሚኖራት ጠዋት ነው፣ ከሰዓት በኋላ ትደክማለች። እዚህ ጠዋት 3 ሰዓት ሲሆን እናንተ ጋ የዋዜማው ማታ 4 ሰዓት ነው። ተረኛ ካልሆንሽ ቅዳሜ በዚያ ሰዓት ደውዪ። አነሳዋለሁ። ጆሮዋ ላይ አድርጌላት እወጣለሁ፤ ከጨረሳችሁ በኋላ እኔን አገናኚኝ በያት።

እህትሽ