ብየዳ የለባትም፦ ለወንድሜ፣ ከኮምቦልቻ

ወንድምዓለም፣

እንደምን ከረምክ? ቤተሰብ፣ ልጆች፣ ሁሉም ሰላም? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ኧረ ስንት ዘመን ተጠፋፋን! አንተ ስልክ ቀየርክ፣ እኔም ቀየርኩ፣ መሐል ላይ ጦርነቱ መጣ፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን ታውቀዋለህ። እሱን ስትመጣ ቡና እየጠጣን እናወራዋለን። ዛሬ የጻፍኩልህ ለሌላ ጉዳይ ነው።

ቴክኒክና ሙያ እያለን መምህራችን ጠረጴዛ ላይ የነበረችውን ኪዩብ አትረሳትም መቼም። በስድስቱም ፊት ክብ ቀዳዳ፣ ውስጥ ሌላ ትንሽ ኪዩብ፣ ስትነቀንቀው የሚንኳኳ። አንተ «ተሰንጥቆ የተበየደ ነው» ብለህ ድርቅ አልክ። በግማሽ ኪሎ ጥሬ ሥጋ ተወራረድን። እነሆ ሠራኋት! ወላሂ ብየዳ የሚባል ነገር የለባትም። አንድ ጉማጅ ነሐስና ያ አሮጌ ቶርኖ (ብረቱን እያዞረ የሚያስቆርጠው ማሽን) ብቻ።

ሱቁ ያው የወፍጮ ዘንግ፣ የአይሱዙ ኩሽኔታ ቤት፣ የባጃጅ ኮተት ነው። ሥራ ቀዝቀዝ ሲል ነው ወደ እሷ የምዞረው።

ሒሳቡን ልንገርህ። የውጩ ኪዩብ 60 ሚሊ፣ የውስጧ 30 ሚሊ ናት። በየፊቱ መሐል ላይ 15 ሚሊ የጠለቀ፣ መሬቱ ዝርግ የሆነ ጉድጓድ ታወጣለህ። ያ ዝርግ መሬት ራሱ የትንሿ ኪዩብ አንድ ፊት ነው። እስካሁን ቀላል ነው አይደል? ችግሩ የቀዳዳው ስፋት ላይ ነው። የ30 ሚሊ ካሬ ከማዕዘን ማዕዘን 42.4 ሚሊ ገደማ ይሆናል። ቀዳዳውን 43 አድርገህ ከበሳኸው ትንሿ ትለቃለች፣ ግን በዚያው ቀዳዳ ዱብ ብላ ትወጣለች። 38 ካደረግከው አትወጣም፣ ግን አትለቅም፤ ስምንቱም ማዕዘኖቿ ከትልቁ ጋር እንደተያያዙ ይቀራሉ። እዚህ ላይ የሚያቆም ሰው ብዙ ነው። ማማሩን ያምራል፣ ለእኔ ግን ያልተንኳኳ ኪዩብ ግማሽ ሥራ ነው።

ስለዚህ የሚያስፈልገው አፉ 38 ሆኖ ውስጡ 44 የሆነ ጉድጓድ ነው፤ ልክ እንደ አገራችን የእህል ጉድጓድ። ሃይ ስፒድ ስቲል፣ ያው ብረት የሚቆርጠውን ጠንካራ ብረት፣ ሞርጄ ጫፉ ወደ ጎን የታጠፈ መንጠቆ አወጣሁለት። በጠባቡ አፍ ታስገባዋለህ፣ መሬቱን ሊነካ ሲል ታቆመዋለህ፣ ከዚያ ወደ ጎን በቀስታ ትገፋዋለህ። ዓይንህ የሚያየው ነገር የለም። ጆሮህ ነው የሚሠራው። ጎረቤት ፊቶች አስቀድመው ከተበሱ መንጠቆው የሚያገኘው ነሐስ አራቱ ማዕዘን ላይ ብቻ ስለሆነ፣ ቻኩ (ሥራውን ነክሶ የሚያዞረው የቶርኖው ራስ) አንዴ በዞረ ቁጥር አራት ጊዜ ታክ ታክ ታክ ታክ ይላል። ድምፁ እየሳሳ ሄዶ ሲጠፋ ማዕዘኖቹ በዚያ በኩል ተቆርጠዋል ማለት ነው። ቸኩለህ ከገፋህ ግን መንጠቆው ይነክስና ሁሉንም ይዞት ይሄዳል።

ባለ ሦስት መንጋጋውን ቻክ እርሳው። ባለ አራቱ፣ እያንዳንዱ መንጋጋ ለብቻው የሚጠብቀው ነው የሚሆነው። ስድስቱም ፊት ላይ በዳያል ጌጅ፣ በዚያች ጥቂት መዛባትን በምታሳይ ባለ መርፌ መለኪያ፣ መሐሉን እንደ አዲስ መፈለግ አለብህ። አሰልቺ ነው፣ አልዋሽህም።

አስቸጋሪው ስድስተኛው ፊት ነው። በዚያ ሰዓት ትንሿ የቀሩላት አራት ማዕዘኖች ብቻ ናቸው፤ እነሱ ሲቆረጡ በመንጠቆው ላይ ትወድቅበታለች። መፍትሔው ሰም ነው። ከደሴ ገበያ የመጣ የማር ሰም አቅልጬ በአምስቱ ቀዳዳ አፈሰስኩና ሲደርቅ የመጨረሻውን ፊት ጀመርኩ። እዚህ ላይ ቀስ ነው። ነሐሱ ከጋለ ሰሙ 63 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣልና የያዘልህ ነገር የለም። ሲያልቅ ኪዩቡን ውሃ ውስጥ ቀቀልኩት፣ ሰሙ ቀልጦ ከውሃው በላይ ተንሳፈፈ። (ድስቱ የባለቤቴ ነበር። ይህን ጉዳይ ለጊዜው እንለፈው።)

ሙያው የቆየ ነው። የቻይናዎቹ የጓንዡ ጠራቢዎች ከአንድ የዝሆን ጥርስ ኳስ ውስጥ ኳስ፣ በኳስ ውስጥ ኳስ ያወጡ ነበር። ብዙ ጊዜ 14 ቀዳዳ ይበሱና በዚያው በታጠፈ ቢላ ከውስጠኛው ጀምረው ወደ ውጭ እየተመለሱ ያላቅቁት ነበር። የሩሲያው ታላቁ ጴጥሮስ ሳይቀር ንጉሥ ሆኖ ቶርኖ ላይ ይቆም ነበር። እኛ ወሎዬዎች ደግሞ ቤተ ጊዮርጊስ እያለልን «ከአንድ ድንጋይ ውስጥ እንዴት ወጣ» ብሎ መደነቅ አያምርብንም። እነዚያ ሰዎች ከላይ ወደ ታች ፈልፍለው፣ ውስጡን በበርና በመስኮት አውጥተውታል። ያውም ተራራ ቻክ ላይ አይታሰርም!

ሲኤንሲ ማሽን፣ በኮምፒውተር የሚታዘዘው፣ ላይ ነው የምትሠራው አሉኝ። ማሻአላህ። እዚያ ፕሮግራሙ ከተጻፈ አንድ ቀን ውስጥ ብዙ ኪዩብ ይወጣል፣ ይገባኛል። እኔ ግን ያቺን ታክ ታክ በምንም አልለውጣትም።

ቀጥሎ ባለ ሦስቱን ልሞክር ነው፣ በኪዩብ ውስጥ ኪዩብ፣ በዚያም ውስጥ ሌላ። ለእሱ ቀጭን መንጠቆ ያስፈልገኛል፣ እዚህ የሚሸጠው ብረት ደግሞ አይታመንም። ለአረፋ ስትመጣ ባለ 10 ሚሊ ሃይ ስፒድ ስቲል ሁለት ፍሬ ያዝልኝ። ሳትገዛ ግን ግራይንደር ላይ ነካ አድርገው፤ ብልጭታው ደብዘዝ ያለ ቀይ ከሆነ ደህና ነው፣ ነጭ ሆኖ ከተበታተነ ተራ ብረት ነው፣ መልስላቸው። የሥጋውን ዋጋ ከዚያ ላይ እንቀናነሳለን።

ወንድምህ